ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ? አንድ ቤተሰብ ጅማ ላይ በአንድ ገበታ የበላበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ቤተሰቦችንና ትናንሽ ቡድኖችን ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስዱ ጉዞዎች ላይ በአስተባባሪነት እሠራለሁ። መኪና፣ ማደሪያ፣ አንዳንዴም ምግብ። ከሥራው ሁሉ ሰው አቅልሎ የሚያየው ምግቡን ነው። «ምግብማ የትም አይጠፋም» ይባላል። አዎ፣ አይጠፋም። ነገር ግን አሥራ ስድስት ሰው አብሮ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳይሳቀቅ፣ ጾሙን ሳይገድፍ፣ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለትን ሳይቀምስ፣ ሳይታመም የሚነሣበት ገበታ በራሱ አይገኝም። ታስቦበት የሚዘጋጅ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በአንድ ሰኔ ወር ጅማ ከተማ ውስጥ የሆነ ነው። የሰዎቹንም የምግብ ቤቶቹንም ስም ትቻለሁ። ቤተሰቡም የቤቱ ባለቤቶችም እንዲጻፍ ፈቅደዋል። እንዲህ ያለ ችግር በየመንገዱ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፤ እንዴት እንደተፈታ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ቤተሰቡና ጉዞው

አንዲት ልጅ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው። ቤተሰቧ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቷ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ፣ አባቷ ከሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ምርቃት ነውና ከሁለቱም ወገን ዘመድ ተነሣ። አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ኮስተር።

ከእናት ወገን ስምንት ሰው ነበር። ከእነሱ ውስጥ አያትየዋና ሁለት እህቶቻቸው ጾመ ሐዋርያትን፣ ማለትም የሰኔን ጾም፣ ይጾማሉ። የቀሩት አምስቱ ረቡዕና ዓርብን እንጂ የሰኔን ጾም አይጾሙም። ከአባት ወገን ስድስት፦ አባት፣ የአባት አባት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስትና ሁለት ሕፃናት። ሁለቱ ደግሞ የእናትየዋ ጓደኛና ባለቤቷ ናቸው። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ የጾም ጉዳይ የለባቸውም።

የአባትየው አባት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ይህን ሁሉም ቤተሰብ ያውቀዋል። ምግብ ሲታዘዝ ግን ማንም አላነሣውም።

ጉዞው ዓርብ፣ ምርቃቱ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ለኦርቶዶክሱ በሙሉ ጾም፣ ለሙስሊሙ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሰኔን ጾም የያዙት ብቻ ከጾም ምግብ አይወጡም፣ ሌላው ሥጋ ይበላል። የሰኔ ጾም አጀማመሩ ከፋሲካ ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ የሚፈታው ግን ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ የሚውል ምርቃት ጾሙ ውስጥ ይገባል። በዚህ ወቅት ልጁን ሊያስመርቅ የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ከወዲሁ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

መኪናውንና ማደሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ምግቡን የአባትየው ወንድም፣ ማለትም አጎትየው፣ «እኔ የማውቀው ቤት አለ» ብለው ያዙት። ቤቱን በእርግጥ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን ወልቂጤ ያለውን ነው።

ቤቱ

ምግብ ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍቷል። መጀመሪያ ወልቂጤ ላይ እናትየው ከፈቱት። ከዚያ አንደኛው ልጃቸው አዲስ አበባ፣ ሌላው ልጃቸውና ሚስቱ ጅማ ከፈቱ። ስሙ አንድ ነው። የበሩ ቀለም አንድ ነው። የምግብ ዝርዝሩም በአንድ ማተሚያ ቤት የታተመ ነው፦ ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በየዓይነቱ፣ ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ቀይ ወጥ። መጠጥ አይሸጥም። ቤት ውስጥ እንደሚበላው ዓይነት ምግብ፣ በቤት መጠን፣ ሳይቸኩሉ። ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው የተመቸ ቤት ነው፤ ይህን ዛሬም እላለሁ።

ጓዳው ግን ሦስት ነው። ወልቂጤ ላይ እናትየው ራሳቸው ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ረቡዕ፣ ዓርብና በጾም ወቅት ሽሮ ካለ በዘይት ነው። ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ጅማ ላይ ደንበኛው ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከከተማዋ 120,960 ሰው 47 በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶ ገደማው ሙስሊም፣ 13 በመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነበር። ገበያው አካባቢ ያለው የምሳ ደንበኛ ግማሹ ጾም የሌለበት ነው። ስለዚህ እዚያ ሽሮ ሲባል ዓርብም ቢሆን በቅቤ ነው፤ «የጾም» ካልተባለ በቀር። ሁለቱም አሠራር ትክክል ነው፤ ሁለቱም ደንበኛቸውን ያውቃሉ። ከአንዱ ቤት ተነሥቶ በዚያው ቀን ሌላው ቤት የሚቀመጥ መንገደኛ ግን ይህን አያውቅም።

ዓርብ

ከአዲስ አበባ በንጋት ተነሥተን 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን ወልቂጤ ላይ ቁርስ አደረግን። የሚበሉት በሉ። ሦስቱ አረጋውያን እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ውኃም አልቀመሱም። አያትየው ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ፍርፍር በሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ተነሣ። አጎትየው እዚያው ሆነው ለጅማው ቤት ስልክ ደወሉና ካሸሯ አነሣች። «አሥራ ስድስት ሰው ነን፣ ዘጠኝ ሰዓት እንደርሳለን።» «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቦታ አለ።» የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው።

የጊቤን በረሃ ወርደን ወጣን። አሰንዳቦ ላይ ወንዶቹ ጁምዓ ሰገዱ። ከዚያ ጅማ። ዕቃ ማደሪያ አስቀምጠን ምግብ ቤቱ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከተማው በተመራቂ ቤተሰብ ሞልቷል። ቤቱም ሞልቷል። በር ላይ ቆመው ወንበር የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የኛን ጠረጴዛ ይዘውልናል፣ ምስጋና ይግባቸው። የሚያስተናግደን ልጅ ለምርቃት ሳምንት ብቻ የተቀጠረ ወጣት ነው። ኦርደሩን ጮክ ብሎ ተቀበለ፦ ስድስት ሽሮ፣ ሦስት በየዓይነቱ፣ አራት ጥብስ።

አጎትየው ጥብሱን ሲያዙ «ሥጋው የሙስሊም ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ «ሥጋው አሪፍ ነው፣ ዛሬ የገባ ነው» አለ። መልስ ይመስላል፤ መልስ አይደለም። አጎትየው ግን በግርግሩ መሀል እንደ አዎንታ ወሰዱት።

ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ምግብ የለም። አያትየው ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግንባራቸው አላበው። የሚወጉት ኢንሱሊን ቀስ ብሎ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ ጠዋት ተወግቶ ጉልበቱ የሚበረታው እኩለ ቀንና ከዚያ በኋላ ነው። ከወልቂጤ ቁርስ ወዲህ የበሉት አንድ ሙዝ ብቻ ነበር። የእናትየዋ የእህት ልጅ ነርስ ናት። አይታቸው ወዲያው ገባት። መለኪያውን ከቦርሳቸው አውጥታ ስትለካ 58 አነበበ። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል። ለስላሳ አስመጣች፣ ስኳር የሌለውን ሳይሆን ተራውን። ግማሽ ጠርሙስ አጠጣቻቸው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃ እንደገና ለካች። ወደ 80 ገባ። ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት አውቄ ነው። በሽተኛው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ፣ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት የማንም መንገደኛ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይደረግም፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። እኛ ጋ ነርስ ነበረች። ባትኖርስ?

ምግቡ መጣ። ሽሮው እየተንፈቀፈቀ በሸክላ ቀረበ። አያትየዋ ቁራሽ እንጀራ ይዘው ወደ ሸክላው ጎንበስ ሲሉ ሽታው ቀደማቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቅቤ አለው» አሉ፣ ቀስ ብለው። ንጋት ላይ ተነሥተው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እስካሁን ምንም አልቀመሱም። እህቶቻቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሽሮ ያዘዙት ሌሎቹም ክርስቲያኖች ዓርብ ነውና ተዉት።

ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ አጎትየው፣ ጥብሱ ሲቀርብ፣ ሌላ አስተናጋጅ ጠርተው ድጋሚ ጠየቁ። ነባር ሠራተኛ ናት። «የለም አባቴ፣ የኛ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው» አለች። በግልጽ፣ ሳታፍር። ጥብሱም ቀረ።

በየዓይነቱውን አሥራ ስድስት ሰው ተካፈለው። ሦስት ትሪ ነበር። ሕፃናቱ ዳቦ በሻይ በሉ። ሁሉም ጨዋ ሰው ስለሆነ ማንም አልጮኸም፤ ሂሳቡም ተከፈለ። ግን ገበታው ላይ የነበረው ዝምታ ደስ አይልም ነበር። ሁለቱ ወገኖች አንዱ በሌላው ምክንያት የተራበ መሰላቸው። የአጎትየው ሚስት «እኛ ለብቻችን ብንበላ ይሻል ነበር» ስትል ሰማሁ። ከረሃቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ንግግር ነው። በማግስቱ የልጅቷ ምርቃት ነው።

ማታውን የተደረገው

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ የተመራቂዋ እናት፣ አጎትየውና እኔ ተመልሰን ሄድን። ለክስ አልነበረም። የቅዳሜውን ምሳ ለመነጋገር ነው። ካሸሯን አልፈን ዋናዋን ወጥ ሠሪ ማናገር እንፈልጋለን አልን። የቤቱ ባለቤት፣ የወልቂጤዋ እናት ምራት፣ ቅር ሳይላት ወደ ጓዳ አስገባችን።

ወጥ ሠሪዋ ጅማ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜ የጠኑ ሴት ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏቸው። የዓርቡን ነገር ስንነግራቸው በጣም አዘኑ፣ በተለይ ስለ አያትየዋ። «እዚህ ሽሮ ያለ ሁሉ በቅቤ ነው የሚፈልገው። የጾም ካለኝ በዘይት እሠራለሁ። ያላለኝን ከየት ልወቅ የኔ ልጅ?» አሉ። ልክ ናቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈላቸው «6 ሽሮ» ብቻ ነበር።

ወጣቱ አስተናጋጅም ተጠራ። ለምን በግልጽ እንዳልተናገረ ስትጠይቀው «የለም ካልኩ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ» አለ። ባለቤቷ አልተቆጣችውም። «ይሂዱ፣ ነገ ይመለሳሉ። ያልተነገራቸው ግን አይመለሱም» አለችው። ይህን ስትል ቤቱን ወደድኩት።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። የጾሙ ድስት ጠዋት ቅቤ ከመነካቱ በፊት ይጣዳል፤ ጭልፋውም ለብቻ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ድንች በካሮት፣ ሰላጣ። የአያትየው ሰሀን ሰው ተሰበሰበ አልተሰበሰበ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣል።

ሥጋው ላይ ስንደርስ አጎትየው ለምርቃቱ የበግ ሥጋ እንደሚያበሉ ለልጅቷ ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። ባለቤቷ አንድ አፍታ እንኳ አላሰበችበትም፦ «ከጎረቤት እናስመጣለን።» ከአጠገባቸው ያለው ምግብ ቤት የሙስሊም ነው። ሙስሊም እንግዳ ሥጋ ሲፈልግ ከዚያ በራሳቸው ሰሀን፣ በራሳቸው ቢላ ተዘጋጅቶ ይመጣል። እነሱም የጾም በየዓይነቱ የሚፈልግ እንግዳ ሲገጥማቸው ከዚህ ይወስዳሉ። በመካከላቸው የቆየ ልማድ ነው። ጅማ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ፣ የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ በሚስብበት ጊዜ፣ የተለያየ እምነት ያለው ሰው ጎን ለጎን ሲገበያይ የኖረባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ የጎረቤት አሠራር እዚያ መኖሩ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ዓርብ ዕለት ይህ መፍትሔ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ እኛ ሳንበላ መነሣታችን ነው። አዲሱ አስተናጋጅ አያውቀውም ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም።

የመጨረሻው ጥያቄ አቀማመጡ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሁለት ጠረጴዛ ነው፣ የሙስሊሙ እዚህ፣ የክርስቲያኑ እዚያ። ለጓዳው ይቀላል። የተመራቂዋ እናት ዝም አሉ። አጎትየውም ዝም አሉ። ሁለቱም አልወደዱትም፤ ለመናገር ግን ከበዳቸው። እትዬ ናቸው የፈቱት። «የጾሙን ሁሉም ይበላዋል አይደል? እሱን መሀል አድርጉት። ሥጋው ዳር ዳር ይቀመጥ። የፈለገ ወደ ዳር ይዘርጋ» አሉ። ከሰማኋቸው የገበታ ምክሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። እኛ የጾም ምግብን የጾመኛው ልዩ ጣጣ አድርገን ነበር የያዝነው። እሳቸው የሁሉም የጋራ ምግብ እሱ መሆኑን አዩ። የእርድ ጥያቄ የለበት፣ የቅቤ ጥያቄ የለበት፣ ለስኳር ሕመምተኛም ምስርና ጎመኑ ይስማማል፣ እንጀራው በልክ ከሆነ።

ቅዳሜ፦ የተሳካው

ለምርቃቱ ሥነ ሥርዓት ነርሷ ለአያትየው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ገባች። አምስት ሰዓት ላይ አበላቻቸው። የልጅ ልጃቸው ስትመረቅ ቁጭ ብለው አዩ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል በባጃጅ ቀድመው ምግብ ቤቱ ደረሱ፤ ሰሀናቸው ጠበቃቸው። ያን ቀን ስኳራቸው አልወረደም።

ቅዳሜ በመሆኑ ለአረጋውያኑ እናቶች የሰዓት ጾም አልነበረም፤ ከሥጋና ቅቤ ተከልክለው ከሁሉም ጋር ሰባት ተኩል ላይ ተቀመጡ። መሀል ላይ አራት የጾም ትሪ። በአንዱ ጫፍ ከጎረቤት የመጣው የበግ ጥብስ፣ በሌላው ጫፍ የቤቱ ጥብስ። የጎረቤቱ ሰሀኖች ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ነበሩ፣ የቤቱ ነጭ። ማንም ምልክት አላስቀመጠም፣ ማንም ማስጠንቀቂያ አልተናገረም። ሰው ሁሉ በሰሀኑ ቀለም ለየው። ይህ ታስቦበት የተደረገ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ አውቄ አስደርገዋለሁ።

አያትየዋ ከመሀሉ ትሪ ምስር ጠቅልለው ለተመራቂዋ አጎረሱ። አጎትየውም ከዚያው ትሪ አጎረሷት። እናትየዋ ተነሥተው የባላቸውን አባት አጎረሱ፤ ሽማግሌውም መረቁ። ዓርብ «ለብቻችን» ያለችው የአጎት ሚስት አረጋውያኑን እናቶች በየተራ ስታጎርስ አየሁ። ሁለት ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ያልተሳካው

ሁሉም ግን አልተሳካም። ዝናብ ወረደ፣ የሰኔ የጅማ ዝናብ፣ ሰውን ከደጅ የሚያስር። የጎረቤቱ ጥብስ ከግድግዳ ማዶ ለመምጣት ግማሽ ሰዓት ዘገየ፤ የቤቱ ጥብስ ደግሞ ቀድሞ ወጣ። እንግዳው በይሉኝታ ሁለቱ እስኪገናኙ ሲጠብቅ የቤቱ ቀዘቀዘ። ሁለት ጓዳ ሲሠራ አንድ ሰው ሁለቱን በሰዓት ማገናኘት ነበረበት። ማንም አልተመደበም።

የተመራቂዋ የዶርም ጓደኞች መጡ። ዘጠኝ ልጆች። ቤተሰቦቻቸው ያልመጡላቸው ናቸው፣ መጋበዛቸው ተገቢ ነው። ግን አልተቆጠሩም። እንጀራ አለቀና ከሱቅ ተገዛ። ወጡ ግን በቃ። በየዓይነቱ ይጨመርበታል፣ ይሳሳል፣ ይበቃል። አሥራ ስድስት ሰሀን ጥብስ ቢታዘዝ ኖሮ ለዘጠኙ የሚሰጥ አይኖርም ነበር።

ከሕፃናቱ አንዱ ጥብስ የነካ እጁን መሀሉ ትሪ ውስጥ ከተተ። ትሪው ከአያትየዋ ፊት ተነሥቶ በሌላ ተተካ። እሳቸው «ልጅ ነው፣ ተዉት» ቢሉም መተካቱ ልክ ነበር። ሕፃናቱ ከሥጋው በኩል፣ ከጾመኞቹ ራቅ ብለው መቀመጥ ነበረባቸው።

ሂሳቡም አስቸገረ። የጎረቤቱ ለብቻ ነው። መብራት ሄዶ ኔትወርክም ተቆራረጠ፤ ቴሌብር አልሠራ አለ። ጥሬ ገንዘብ በቂ የያዘ ሰው ጠፋ። አባትና አጎት ደግሞ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ተያያዙ። በመጨረሻ የጎረቤቱን ባለቤቷ ከፈለችና ማታ ተላከላት። የምርቃት ሰሞን ወደ ጅማ የሚሄድ ቡድን ጥሬ ብር ይያዝ።

ቅሬታም ቀርቷል። ከእናት ወገን አንድ ወጣት «ለሁሉም እኩል ሥጋ አልቀረበም» ብሎ ነበር። ያለውም ስሕተት አይደለም፤ የቤቱ ጥብስ መጠኑ ያነሰ ነበር። የበጉ የአጎትየው ስጦታ እንደሆነ ቀድሞ ቢነገር ይህ ቅሬታ ባልተፈጠረ።

ለሌላ መንገደኛና ለሌላ ቤት የሚሆነው

አንድ ስም ያላቸው ቤቶች አንድ ጓዳ የላቸውም። የታተመው ዝርዝር አንድ ቢሆንም ቅቤውን፣ ሥጋ ቤቱንና ሰዓቱን የሚወስነው እዚያ ከተማ ያለው ወጥ ሠሪ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲደወል ካሸርን ስለ ወንበር ከመጠየቅ በተጨማሪ «እባክሽ ወጥ ቤቷን አቅርቢልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ከዓርቡ ችግር አብዛኛው በዚህች አንዲት የስልክ ጥሪ ይቀር ነበር።

አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «ንጹሕ ነው?»፣ «ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ምንጊዜም መልሱ አዎ ነው። «ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው የገዛችሁት?»፣ «ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ?»፣ «ጭልፋው ለብቻው ነው?» የሚለው ግን ማምለጫ የለውም። ጾም ያለበት ሰውም «ሽሮ» ብሎ ማቆም የለበትም። «የጾም ሽሮ፣ በዘይት» ይበል፣ ዓርብም ቢሆን።

የሕመምተኛ ሰዓት ከሁሉም ይቀድማል። በአበሻ ወግ ትልቅ ሰው ሳይቀመጥ አይበላም፣ እንግዳ ሳይሟላ አይቆረስም። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ግን ይህን ሊጠብቅ አይችልም። ሰሀኑ ቀድሞ ይውጣ። ቤተሰቡ ቀድሞ ከተነጋገረበት ነውር አይሆንም። በመንገድ ላይም ከሙዝ ያለፈ ነገር በቦርሳ ይኑር።

ለቤቶቹ ያለኝ ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው። ለበዓልና ለምርቃት ሰሞን ጊዜያዊ ሠራተኛ ሲቀጠር ሳህን አያያዝ ብቻ አይማር። ሥጋው ከየት እንደሆነ፣ የትኛው ምግብ ቅቤ እንዳለው፣ ከጎረቤት ምን እንደሚመጣ ይነገረው። «የለም» እንዲል ይፈቀድለት። ዓርብ ዕለት ቤቱን ያተረፈችው «የኛ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው» ያለችው ነባር አስተናጋጅ ናት። ቤተሰቡ ማታ ተመልሶ ለመነጋገር ድፍረት ያገኘው በእሷ ግልጽነት ነው።

የተለያየ እምነት ያለው ቤተሰብ ወይም የመሥሪያ ቤት ቡድን ይዞ የሚሄድ ሁሉ የጾሙን በየዓይነቱ መሀል ያድርገው። ይህ ለጅማ ብቻ አይደለም። ደሴም፣ ሐረርም፣ አዳማም ላይ ይሠራል።

የጅማው ቤት አሁን ሰሌዳው ላይ «ሽሮ በቅቤ»፣ «ሽሮ በዘይት» ብሎ ለያይቶ ጽፏል፤ ከታቹም ከጎረቤት የሙስሊም ሥጋ ማስመጣት እንደሚቻል ተጽፏል። ኦርደር የሚጻፍበት ወረቀት ላይም የጾም ምልክት ማድረጊያ ቦታ አለ። ወልቂጤ ያሉት እናት ግን ሰሌዳቸውን አልቀየሩም። እዚያ በጾም ቀን ሽሮ ምንጊዜም በዘይት ስለሆነ መጻፉ አይታያቸውም። ልጃቸው እየወተወታቸው ነው። እስከዚያው በዚያ መስመር የማስተባብራቸውን ቡድኖች ወልቂጤም ላይ ጠይቁ እላቸዋለሁ።